የ7፣ የ19 እና የ33 ቁጥር በቆሎዎች

ሰኔ 3 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

ጠዋት ግሪንሃውስ ገብቼ ከአርባው በቆሎ ሦስቱን አረማሞ ይዟቸው አገኘኋቸው። ቁጥር 7፣ ቁጥር 19፣ ቁጥር 33። አናታቸው ላይ አበባ መሆን በነበረበት ቦታ ጥቁር ዱቄት አለ። ነካሁት። ጣቴ ጠቆረ። ታጠብኩ።

ይህ ሊሆን አይገባም። አረማሞ ሁለት ዓይነት ፈንገስ ነው፤ አንዱ ማሽላን፣ ሌላው በቆሎን ይይዛል። ዘመዳሞች ናቸው። ላብራቶሪ ውስጥ ከሰል የተቀላቀለበት ጥቁር ሳህን ላይ ጎን ለጎን ስናሳድጋቸው ይገናኙና ነጭ ጸጉር ያበቅላሉ። መዳቀላቸውን የምናውቀው በዚህ ነው። አለቃዬ ዶክተር ገሰሰ አራት ዓመት ሙሉ የሚሉት ግን ድቅሉ ሳህን ላይ ይወለዳል እንጂ በቁም ተክል ላይ ዱቄት አያፈራም ነው። ስለዚህ ገበሬው ማሽላና በቆሎን አጠጋግቶ ቢዘራ ከድቅሉ የሚመጣበት አዲስ በሽታ የለም። ይህን ለገበሬው የሚነግረው በራሪ ወረቀት ተዘጋጅቷል። ነሐሴ 23 ዶክተር ጡረታ ሲወጡ የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ነው።

መዝገቡ ላይ «የታመመ፦ 0 ከ40» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱን ቆርጬ አውቶክሌቭ ውስጥ ከተትኳቸው። ማሽኑ በትኩስ እንፋሎት ማንኛውንም ነገር ይገድላል። ደንቡም የታመመ ተክል እንዲገደል ያዛል። ከመዝገብ በፊት ይሁን በኋላ አይልም።

ዝናብ። ባለቤቴ አስማ ሲኤምሲ እህቷ ጋ ናት። የእኛ ሰፈር ጭቃ ስለሆነ ለሥራዋ ከዚያ ይቀላታል።


ሰኔ 4

ዜሮ የጻፍኩበት ምክንያት፦ እጄን አላምነውም። እነዚህን በቆሎዎች በችግኝነታቸው ድቅሉን ፈንገስ በመርፌ የወጋኋቸው ሚያዝያ 1 ቀን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አንድ ወረቀት ተቀብዬ ነበር። ስለ ወረቀቱ እዚህ አልጽፍም። በማግስቱ ግን መርፌ ተሳስቼ ንጹሑን የበቆሎ ፈንገስ ወግቼ ይሆናል። የበቆሎ ፈንገስ በቆሎን ቢይዝ ዜና አይደለም።

ስለዚህ የእኔ ጥፋት እንጂ የዶክተር ስህተት አይደለም። ዜሮ ትክክል ነው ማለት ይቻላል።

ማለት ይቻላል።


ሰኔ 6፣ አርብ

ከጁምዓ ስወጣ እናቴ ከኮምቦልቻ ደወለች።

«አስማ ሐኪም ዘንድ ሄደች?»

«ትሄዳለች እማ።»

«ሰባት ዓመት እኮ ነው ልጄ! ገበሬ እንኳ ሰባት ክረምት ያላበቀለ መሬት ላይ…»

«እማ፣ ታክሲ ውስጥ ልገባ ነው» አልኳት። በእግሬ ነበርኩ።

ከላብራቶሪው እስከ ሀቢባ ቤት፣ ማለትም እስከ አስማ እህት ቤት፣ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። በጓሮ በኩል አሥር። ሆን ብዬ የለካሁት አይደለም፤ መንገዴ ስለሆነ ነው። መንገዴ በተቃራኒው ነው።


ሰኔ 8፣ እሁድ ከሰዓት

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከታች ሕንፃ የሚሠሩት ሰዎች እንኳ ዛሬ የሉም። ለሚ ኩራ ውስጥ ሲሚንቶ ሳይቦካ የሚውልበት ቀን በዓመት ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ አንዱ ነው።

የጭቃውን ነገር ላስተካክል። ጭቃው እውነት ነው። ግን ባለፈው ዓመትም ነበር፤ ያኔ አስማ ቦቲ ገዝታ ሩዋንዳ ሰፈር ወዳለው የእንግዳ ማረፊያ ሥራዋ ከዚሁ ትሄድ ነበር። ዘንድሮ የሄደችው ከአረፋ ማግስት ነው።

የአረፋ ዕለት ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። እማ «ሌላ መጨመር በሃይማኖታችን ነውር አይደለም፣ ልጅ ለሌለው ሰው ደግሞ…» አለች። አስማ ሥጋ እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ። ሁለቱም እኔ እስክናገር ጠበቁ።

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል» አልኩ።

ኔትወርኩ ደህና ነበር።


ሰኔ 9

አርባ በቆሎ እንደገና ዘራሁ፤ ለማነጻጸሪያ ሌላ አሥር ጨመርኩ። የግሪንሃውሱ ወረፋ ቅጽ ላይ «ዘር ማባዣ» ብዬ ሞላሁ። ዶክተር ፈረሙ። የፈረሙበትን ሳያነቡ የሚፈርሙት ለእኔ ብቻ ነው።


ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ወጋኋቸው። አርባውን በድቅሉ፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ አዲስ መርፌ። ሌሎቹን አሥር በውሃ ብቻ። መለያውን ከመውጋቴ በፊት ጻፍኩ፣ ከወጋሁ በኋላ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጥበቃው ገብረአምላክ በመስኮት አይቶኝ «ከማን ጋር ነው?» አለኝ። «ከቁጥር 22 ጋር» አልኩት። ሄደ።

አንድም መለያ አልተሳሳተም።


ሰኔ 24

የበራሪ ወረቀቱ የማተሚያ ቤት ናሙና መጣ። ሽፋኑ ላይ ማሽላና በቆሎ ጎን ለጎን ቆመዋል። ዶክተር ገሰሰ ቢሮ ጠርተውኝ ከመብራቱ ስር ዘርግተው አሳዩኝ።

«ሙዘሚል፣ ሠላሳ ዓመት ለገበሬ ምን ስል እንደኖርኩ ታውቃለህ? አትዝራ። አትንካ። ንቀል። አቃጥል። ‹ትችላለህ› ያልኩት አንድ ነገር ይህ ነው።»

«ቀለሙ ቆንጆ ነው ዶክተር» አልኳቸው።

«ያለ አንተ መዝገብ አልደፍርም ነበር።»

ቀለሙ ቆንጆ እንደሆነ በድጋሚ ነገርኳቸው።


ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሀቢባ ደወለች። አስማ ትናንት ያንን ከባድ ምርመራ ተመርምራለች፤ ማህፀን ውስጥ መድኃኒት ረጭተው በራጅ የሚያዩትን። አሟታል። «ልንገርህ ብዬ ነው እንጂ እሷ አትንገሪው ብላኛለች» አለችኝ። ከዚያ ስልኩ ሳይዘጋ ለሌላ ሰው ስትናገር ሰማኋት፦ «ክፉ ሰው አይደለም እኮ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አይታወቅም። እንደ ፍሪጅ ነው፤ ከፍተሽ ካላየሽ መብራቱ ይብራ ይጥፋ አታውቂም።»

የእኛ ፍሪጅ መብራት ተቃጥሏል። ይህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።


ሐምሌ 6፣ እሁድ

አቮካዶና ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። አስማ ሶፋው ላይ በጎኗ ተኝታ ነበር፤ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ። ልትነሳ ስትል ተይ አልኳት። ፊቷ ከስቷል።

«ዶክተሯ ቱቦሽ ክፍት ነው አለችኝ» አለች። «ደሜም ደህና ነው፣ ሆርሞኑም ደህና ነው። ሁሉም ደህና ነው። ምኑ ነው ታዲያ ሙዘሚል?»

«አላህ ያውቃል» አልኳት።

አልዋሸሁም። አላህ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። መጋቢት 30 ቀን ቦሌ ካለው ክሊኒክ የተቀበልኩት ወረቀት የእኔ ምርመራ ነው፤ ለእሷ ሳልነግራት ነው የተመረመርኩት። ልጅ የሚሆን ዘር በናሙናው ውስጥ አልታየም ይላል። በሙያዬ ውጤት ማንበብ የምችል ሰው ነኝ። አጥፌ የዘር ናሙና የምናስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ሦስት ወር አስማ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስትመላለስ አየሁ። የሐምሌውን ምርመራ ቀጠሮ የያዘችው ከግንቦት ጀምሮ ነው። ካላንደሩ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። በየቀኑ አየው ነበር።

ስወጣ «ብርቱካኑ ጣፋጭ ነው» አለችኝ። ገና አልቀመሰችውም።


ሐምሌ 9

ልነግራት ደወልኩ። ስብሰባ ላይ ናት።


ሐምሌ 11

ደወልኩ። አነሳች። ስለ መብራት ቆጣሪው አወራን።


ሐምሌ 22

ሰምሃል ግሪንሃውስ ውስጥ አገኘችኝ። ሰምሃል ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ናት፤ የዲኤንኤ ማሽኑን ከእሷ በስተቀር የሚደፍረው የለም።

«ሙዜ፣ ይሄ ዘር ማባዣ ነው?»

«ነው።»

«ግንዱ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለው።»

«ነፍሳት ይሆናል።»

«በእያንዳንዱ ላይ፣ ያው ቦታ፣ አንድ አንድ ጊዜ የሚናከስ ነፍሳት?»

«ሥርዓት ያለው ነፍሳት ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። ደብተሯን ከፍታ አንድ ነገር ጻፈች።


ነሐሴ 4

ምንም የለም። ቁመታቸው ጥሩ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ አያለሁ። ዱቄት እንዳይወጣ እጸልያለሁ። ከዚያ እንዲወጣ። አላህ የትኛውን እንደሚሰማ አላውቅም።


ነሐሴ 16፣ አርብ

አምስት። ከአርባው አምስት። በውሃ ከተወጉት አሥሩ አንድም የለም።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሲሚንቶው እርጥብ ነበር። ሰምሃል ገብታ አየችኝ፣ አምስቱንም አየች፣ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። ቁጥር 7፣ 19፣ 33። ፎቶው የተነሳው ሰኔ 2 ነው፣ እኔ ካየሁበት በፊት ባለው ቀን።

«አይተሽ ነበር?»

«ውሃ ላጠጣ ገብቼ። በማግስቱ መዝገቡን ሳይ ዜሮ ይላል።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«አንተ ትናገራለህ ብዬ።» ቁጢጥ እንዳለች ወደ በቆሎው እያየች ነው የምታወራው። «መጀመሪያ አንድ ሳምንት እሰጠዋለሁ አልኩ። ከዚያ ዘር ማባዣው መጣ። እየደገመው ነው አልኩ። ስለዚህ ጠበቅኩ። ግን ሙዜ፣ ነሐሴ 23 ድረስ ባትናገር ኖሮ እኔ እናገር ነበር። አይከፋህ።»

«አይከፋኝም።»

«ትንሽ ይከፋህ እንጂ።»


ነሐሴ 17

መብራት የለም። ማሽኑ አይሠራም። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም።


ነሐሴ 19፣ ሰኞ

መብራት መጣ። ሰምሃል ከአምስቱም ዱቄት ወስዳ ዲኤንኤውን ለየችው። የማሽላው ፈንገስ አንድ መስመር ያሳያል፤ የበቆሎው ሌላ መስመር፣ ዝቅ ብሎ። መርፌ ተሳስቼ ቢሆን የበቆሎው መስመር ብቻ ይወጣ ነበር።

አምስቱም ላይ ሁለቱም መስመሮች አሉ።

ድቅሉ በቆሎ ላይ ያፈራል። እጄ በሚያዝያም ደህና ነበረች ማለት ነው። ሁለት ወር ሙሉ የወቀስኳት እጅ ናት።


ነሐሴ 20

ዶክተር ገሰሰ ጋ ገባሁ። የዲኤንኤውን ፎቶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ አዩት።

«ስንት?» አሉ።

«አምስት ከአርባ።»

«ዘር ማባዣ የተባለው ነው?»

«አዎ ዶክተር።»

«የመጀመሪያውስ?»

«ሦስት ከአርባ።»

«መዝገቡ ዜሮ ይላል።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ንጹሕ ነበር። መልሰው አደረጉት።

«ለእኔ አዝነህ ነው?»

«መጀመሪያ እጄን ተጠራጥሬ ነው።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱ… ለእርስዎ ነው።»

«እኔ ጡረታ እወጣለሁ ሙዘሚል። ገበሬው ጡረታ አይወጣም።» ተነስተው በሩ አጠገብ የተከመሩትን ካርቶኖች፣ በራሪ ወረቀቶቹን፣ በእጃቸው ነካ ነካ አደረጓቸው። «ስንቱ ወጥቷል?»

«አንድም። ሥርጭቱ መስከረም ላይ ነው።»

«እንግዲህ ዕድል አለህ። እኔም አለኝ። አሁን ውጣ።»

ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ወንበራቸው ላይ አልተመለሱም፤ ካርቶን ላይ ተቀምጠው ነበር።


ነሐሴ 23፣ አርብ

የስንብት ዝግጅት። ኬኩ ላይ «እናመሰግናለን ዶ/ር ገሠሠ» ተብሎ በተሳሳተው «ሠ» ተጽፏል። የአዳራሹ ወንበር ሁሉ ሞልቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺአረግ ፊት ለፊት።

ዶክተር ተነሱ። የንግግሩን ርእስ አልቀየሩም፤ ግድግዳው ላይ እንደነበረ በትልቁ በርቷል፦ «በቆሎና ማሽላ ጎን ለጎን»። ከዚያ በእርጋታ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው፣ እንዲህ አሉ፦

«ይህን አራት ዓመት ተናግሬአለሁ። ተሳስቻለሁ። ድቅሉ በቁም በቆሎ ላይ ያፈራል፤ ጥቂት ነው፣ ግን ያፈራል። ጥቂት አረማሞ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላላችሁ አልነግራችሁም። ስህተቴን ያገኙት ሙዘሚልና ሰምሃል ናቸው። መጀመሪያ ግን ሙዘሚል ደብቆታል። ይህም ያም በመዝገብ ይያዝ።»

ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ሰው «አይ የእኛ ነገር» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ወይዘሮ የሺአረግ ብቻቸውን ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ከዚያ ሰምሃል፤ ከዚያ ሁሉም። ኬኩ ተቆረጠ። ለእኔ የደረሰኝ «ሠ» ያለበት ነው። በላሁት።

ዶክተር ሲወጡ ትከሻዬን ያዙ። «ነገ ደግሞ ምን ትሠራለህ?»

«ሌላ የምናገረው ነገር አለኝ» አልኳቸው።

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ አይደለም።»

«ተመስገን» አሉ።


ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቼ ሀቢባ ቤት ሄድኩ። አስማ ሳሎን ነበረች፣ ልብስ እያጣጠፈች። ሀቢባ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችም።

ወረቀቱን ሰጠኋት። ምንም መግቢያ አላዘጋጀሁም፤ በመንገድ ላይ ሦስት አዘጋጅቼ ሦስቱም ጠፉኝ።

ቆማ አነበበችው።

«ይሄ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ቀኑ መጋቢት 30 ነው።»

«አዎ።»

«የሐምሌውን ምርመራ ስመረመር ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እዚች ሶፋ ላይ ተኝቼ ምኑ ነው ስልህ።»

«አውቅ ነበር አስማ።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱን በአራት አጥፋ ከተጣጠፈው ልብስ ስር አስገባችው። ልጅ መውለድ ስላለመቻሌ አንድ ቃል አልተናገረችም።

«ብትነግረኝ አብሬህ አለቅስ ነበር» አለች። «ብቻዬን አስለቀስከኝ።» ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብላ፦ «ሀቢባ፣ በሩን ክፈችለት።»

ሀቢባ ከፈተችልኝ። ደረጃውን ስወርድ አራተኛ ፎቅ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋልኩ። በሊፍት ነበር የወጣሁት።


ነሐሴ 28

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከግሪንሃውስ ኃላፊነት ተነስቻለሁ፤ ኃላፊዋ ሰምሃል ናት። የምርምር ጽሑፉም በእሷ ስም ቀዳሚነት ይወጣል። ትክክል ነው። ተክሎቹን ውሃ ለማጠጣት አስፈቀድኳት። ፈቀደች።


ጳጉሜን 2፣ እሁድ

በሩ ተንኳኳ። አስማ ናት። ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ቁልፍ አላት፤ ግን አንኳኳች።

«ለእናትህ ደውል» አለችኝ፣ ሳትቀመጥ። «ስፒከር ላይ።»

ደወልኩ። ሰላምታው ረዘመ፤ እማ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ በሬው። አስማ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«እማ፣ ችግሩ ከአስማ አይደለም። ከእኔ ነው። ተመርምሬአለሁ። ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ።»

እማም፦ «ልጄ፣ አልሰማህም፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።»

«አይቆራረጥም እማ» አለች አስማ። «ጥርት ብሎ ይሰማል።»

እማ ማልቀስ ጀመረች። ረጅም ጊዜ አለቀሰች። «አስማ ልጄ» አለች በመጨረሻ፣ «አውፍ በይኝ። አፌን ነው የበላኝ። አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብያለሁ እማ።»

ስልኩን ስዘጋ አስማ «አውፍ ያልኩት ለእናትህ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ተቀመጠች። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። በእርሳስ አስምራበታለች፣ ከታች፣ ትንንሹ ጽሑፍ ላይ።

«ይሄን አንብበኸዋል?»

አነበብኩ። በሦስት ወር ውስጥ ምርመራው ይደገም ይላል።

«ደግመኸዋል?»

«አልደገምኩም።»

«የሀቢባ ጎረቤት እናንተ ላብራቶሪ ነው የሚሠራው፤ ወሬው ደርሶናል። በቆሎውን ግን ደግመሃል።»

«አዎ።»

«አርባውንም።»

«ሃምሳ ነበሩ፣ በውሃ ከተወጉት ጋር» አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

አየችኝ። ለአፍታ የምትስቅ መሰለኝ። አልሳቀችም። «መስከረም 5፣ ሁለት ሰዓት፣ ክሊኒኩ በር ላይ» አለች። «አብረን አንሄድም። እዚያ እንገናኝ። ውጤቱን መጀመሪያ የማነበው እኔ ነኝ።»


መስከረም 5 ቀን 2018፣ ሰኞ

ከእኔ ቀድማ ደርሳ ነበር። ናሙናውን ሰጠሁ። ሦስት ሰዓት ጠብቁ አሉን። አንድ ወንበር ባዶ አድርገን ተቀመጥን። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ስለ ምንጣፍ እጥበት ያሳያል፤ ሁለታችንም በጥሞና ተከታተልን።

ስሜ ሲጠራ እሷ ተነሳች። ወረቀቱን ተቀብላ መተላለፊያው ላይ ቆማ አነበበችው፣ እስከ ታች፣ ትንንሹን ጽሑፍ ጭምር። ተመልሳ መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ያው ነው» አለች።

«ያው ነው?»

«ያው ነው ሙዘሚል።» ወረቀቱን እንዳነበው አስጠጋችልኝ። አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን አነበብን። ስፔሻሊስት ሐኪም የሚያየኝ ቀጠሮ ከታች ተጽፏል፤ ተስፋ ይኑር አይኑር የሚነግረን እሱ ነው። ከዚያ አለቀስኩ። ክሊኒክ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምንጣፍ በሚታጠብበት ቴሌቪዥን ስር። እሷም አለቀሰች። ጸሐፊዋ ሶፍት አመጣችልን፣ ካርቶኑን በሙሉ።

ከመገናኛ በሲኤምሲ አልፎ ወደ እኛ ሰፈር የሚሄደውን የአያት ሚኒባስ ያዝን። ኋላ ወንበር ላይ፣ እሷ በመስኮት በኩል። ጉርድ ሾላን አለፍን። ሲኤምሲ ስንደርስ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ሲኤምሲ ወራጅ?» አለ።

እኔ ወደ እሷ አላየሁም።

«ሲኤምሲ ወራጅ አለ?» አለ እንደገና።

ማንም አልመለሰለትም። በሩን ዘጋውና ሄድን።